ፓይተን «ፉል ቨርዥን» የሚባል ነገር የለውም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይጫናል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ወንድሜ። አካውንታንት ነኝ። ኤክሴል ላይ በየወሩ የምደጋግመውን ሥራ ፓይተን ያቀልልሻል ስላሉኝ ልማር ወስኛለሁ፣ ግን ገና መጫኑ ላይ ቀርቻለሁ። ቤት ያለው ላፕቶፔ ዊንዶውስ 7 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም አለበት። አዲሱን ፓይተን አውርጄ ብሞክር አልጫን አለኝ። ቢሮ ዊንዶውስ 11 አለ፤ እዚያ ደግሞ ፓይተን ብዬ ስጽፍ የማይክሮሶፍት ስቶር ይከፈትብኛል። ወንድሜ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ነው የሚጠቀመው፤ ውስጡ ያለው ፓይተን አሮጌ ነው ብሎ አጥፍቶ አዲሱን ሊጭን ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ‹ፓይተን ፉል ቨርዥን፣ ክራክ የተደረገ፣ ለሁሉም ዊንዶውስ› የሚል ፋይል አግኝቻለሁ። እሱን ልጫን? ካልሆነስ ስልኬ ላይ መማር ይቻላል?»

አትጫኚው። አውርደሽው ከሆነም ሳትከፍቺ አጥፊው። ወንድምሽንም ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ፓይተን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፣ «ፉል» እና «ትራያል» የሚባል ዓይነት የለውም። ክራክ የሚደረገው ቁልፍ ያለበት ፕሮግራም ነው፣ ፓይተን ደግሞ ቁልፍ የለውም። ኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ከለቀቀው ጊዜ ጀምሮ በነጻ ነው የሚሰራጨው። ዛሬ በኃላፊነት የያዘው ፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ፈቃዱ ማውረድም፣ መጠቀምም፣ ለሌላ ሰው መስጠትም፣ በሱ ሠርቶ መሸጥም ይፈቅዳል። የመለያ ቁጥር አይጠይቅሽም፣ ወር ሲሞላው አይቆለፍብሽም፣ አካውንት ክፈቺ አይልሽም። ታዲያ ያ ሰውዬ ምኑን ነው ክራክ ያደረገው? በነጻ የሚገኝን ነገር «ሰብሬላችኋለሁ» ብሎ የሚያከፋፍል ሰው ውስጡ የራሱን ነገር ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። አንቺ ደግሞ የሰው ሒሳብ የያዘ ፒችትሪ ያለበት ማሽን ላይ ነው ልትከፍቺው የነበረው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ፓይቻርም የሚባል ኮድ መጻፊያ አለ፣ የሚከፈልበት ክፍል አለው። አናኮንዳ የሚባልም አለ፣ ፓይተንን ከብዙ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ተጨማሪ ኮድ) ጋር ጠቅልሎ የሚያቀርብ። ለግል ትምህርት ነጻ ነው፤ ከ200 ሰው በላይ ያለው የንግድ ድርጅት ግን መክፈል አለበት። ሁለቱም ከፓይተን የተለዩ ናቸው። ለመጀመር አንዳቸውም አያስፈልጉሽም፤ አናኮንዳማ ለ4 ጊጋ ራምና ለሞባይል ዳታ ከባድ ነው።

ትክክለኛው መገኛ አንድ ነው፦ ፓይተን ነጥብ ኦርግ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው። ጉግል ላይ ስትፈልጊ ከላይ የሚመጡትን ማስታወቂያዎች አትንኪ፣ አድራሻውን ራስሽ ጻፊው። የዊንዶውሱ ፋይል ከ30 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም፣ ስለዚህ ጥቅልሽን አይጨርስም።

ዳታ ከሌለሽ ጓደኛሽ በፍላሽ ብትሰጥሽ ችግር የለውም፣ ሕጋዊም ነው። ግን ከመክፈትሽ በፊት ይቺን ልማድ ያዢ። ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ግቢ። ከላይ ካሉት ትሮች መካከል ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚለውን ፈልጊ። እዚያ የፈራሚው ስም ፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሆኖ መታየት አለበት። ስሙን ተጭነሽ ዲቴይልስ ስትዪ ፊርማው ትክክል ነው፣ ኦኬ ነው ማለት አለበት። ትሩ ጭራሽ ከሌለ ወይም የሌላ ሰው ስም ካለ ፋይሉ ተነካክቷል፣ አትክፈቺው። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፣ ያንን የቴሌግራም ፋይል የመሰሉትንም በአብዛኛው እዚሁ ነው የምትይዢያቸው።

አሁን ወደ ላፕቶፕሽ። ዊንዶውስ 7 ላይ አዲሱ ፓይተን ያልተጫነው ማሽንሽ ተበላሽቶ ወይም አንቺ ተሳስተሽ አይደለም። ከ3.9 ጀምሮ ያሉት ቨርዥኖች ዊንዶውስ 7 ውስጥ የሌሉ የሲስተም ክፍሎችን ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ የጎደለውን የዲኤልኤል ፋይል ከየድረ ገጹ ለቅሞ ማስገባት መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም ሁለተኛው የቫይረስ በር እሱ ነው። ዊንዶውስ 7 የሚቀበለው የመጨረሻው ትውልድ 3.8 ነው፣ ከሱም ውስጥ ዝግጁ የዊንዶውስ አስጫኚ ያለው የመጨረሻው 3.8.10 ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት የ3.8 ቁጥሮች ጥሬ ኮድ ብቻ ናቸው፣ እነሱን ስታይ «ይሄኛው ይበልጣል» ብለሽ እንዳትሳሳቺ።

ከማውረድሽ በፊት ሁለት ነገር እዪ። ኮምፒውተር የሚለው ምልክት ላይ በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ሲስተምሽ 64 ቢት ነው ወይስ 32? ፋይሉንም በዚያው ልክ ነው የምትመርጪው። እዚያው ገጽ ላይ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚል ጽሑፍ መኖሩን አረጋግጪ። ከሌለ 3.8ም አይጫንም፣ ዊንዶውሱ መጀመሪያ አፕዴት መደረግ አለበት።

አስጫኚውን ስትከፍቺው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ታች ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሰው ትልቁን «ኢንስቶል ናው» ያይና ሳጥኖቹን ሳያይ ይጫናል። ከዚያ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ከፍቶ ፓይተን ብሎ ሲጽፍ «እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም» ይለዋል፣ ከዚያ አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ እንደገና ያው። አጠገቤ ተቀምጦ አምስት ጊዜ ያራገፈና የጫነ ልጅ አይቻለሁ፣ በስድስተኛው ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ችግሩ ባዶ የቀረችው ሳጥን ብቻ ነበረች። «አድ ፓይተን 3.8 ቱ ፓዝ» የምትለዋን ምልክት አድርጊባት። ትርጉሟ ቀላል ነው፦ ዊንዶውስ ፓይተን የት እንደተቀመጠ ይወቅ ማለት ነው። ከዚያ ኢንስቶል ናው።

ሳጥኗን ረስተሽ ከጫንሽም አትጨነቂ፤ ማራገፍ አያስፈልግሽም። ያንኑ አስጫኚ ድጋሚ ከፍተሽ ሞዲፋይ በዪ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ፓዙን የሚጨምር ሳጥን ታገኛለሽ። ሌላም አለ፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ፒ እና ዋይ የሚሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ ብትጽፊ ብዙ ጊዜ ይከፈትልሻል፣ ያ አብሮ የሚጫን ማስነሻ ነው። (ትዕዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው፣ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው የሚገቡት።) ለመለማመጃ ደግሞ አይድል የሚባል መጻፊያ አብሮ ይመጣል። እሱ በቂሽ ነው። ሌላ ኤዲተር ለጊዜው አትፈልጊ።

ገደቡን ልደብቅሽ አልፈልግም። 3.8 እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ወዲህ ጥገና አይደረግለትም። ዊንዶውስ 7 ራሱ ከጥር 2020 ጀምሮ ተትቷል። ይህ ማለት በዚያ ላፕቶፕ መማር፣ የራስሽን ኤክሴል ማስላት፣ ፋይል ማስተካከል ትችያለሽ፤ ኢንተርኔት ላይ ለሰው አገልግሎት የሚሰጥ ነገር ግን አትሠሪበትም። ትምህርቱ ላይ የሚጎድልሽ ጥቂት ነው። አዳዲስ ትምህርቶች ውስጥ ማች የሚለውን ቃል ተጠቅሞ ምርጫ የሚሠራ ኮድ ካጋጠመሽ እሱ በ3.10 የመጣ ስለሆነ አንቺ ጋ ስህተት ይሰጣል። ተለዋዋጮች፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ ፋይል መክፈት፣ ሁሉም ያው ናቸው።

«ፎርማት አድርገሽ ዊንዶውስ 10 አስጭኚ» የሚልሽ አይጠፋም። እኔ አልመክርም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም በጥቅምት 2025 አብቅቷል፣ 4 ጊጋ ራም ላይም ይንቀራፈፋል፣ ፎርማት ሲደረግ የፒችትሪ ዳታሽ አብሮ ሊሄድ ይችላል። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነጻው ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው፣ ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ በጣም ይስማማል፣ አዲስ ፓይተንም ይዞ ይመጣል። ሳትጭኚው ከፍላሽ አስነስተሽ ልትሞክሪውም ትችያለሽ። ግን ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፣ እንጀራሽ ደግሞ እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ላፕቶፑን አትንኪው፣ 3.8.10ን ጭነሽ በዚህ ሳምንት ጀምሪ። ሦስት አራት ወር ተምረሽ ከገፋሽበት ያኔ ዳታሽን ሌላ ቦታ ገልብጠሽ ስለ ሊኑክስ ወይም ስለ ሌላ ማሽን ታስቢያለሽ።

ቢሮ ያለው ዊንዶውስ 11 ላይ የሚከፈተው ስቶር ቫይረስ አይደለም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ፓይተን ሳይኖር ፓይተን ተብሎ ሲጻፍ ወደ ስቶር የሚወስድ አቋራጭ ይዘው ነው የሚመጡት። ፓይተን ከጫንሽም በኋላ እሱ እየቀደመ ካስቸገረሽ ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ አድቫንስድ አፕ ሴቲንግስ፣ አፕ ኤክሲኪውሽን አሊያስ ግቢና ፓይተን የሚሉትን አጥፊያቸው። የአድሚን ፓስወርድ የለኝም ብለሽ አትስጊ። የተለመደው አስጫኚ ለአንቺ አካውንት ብቻ ሲጭን አድሚን አይፈልግም፣ «ዩዝ አድሚን ፕሪቪሌጅስ» የምትለዋን ሳጥን ብቻ ምልክቷን አንሺባት። ከ3.14 ጋር የመጣ ፓይተን ኢንስቶል ማኔጀር የሚባል አዲስ አስጫኚም ገጹ ላይ ታያለሽ፣ እሱም ያው ከዋናው ቤት ነው። ነገር ግን ይቻላል ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የቢሮ ማሽን ነውና የአይቲ ክፍሉን ሳትጠይቂ ምንም አትጫኚ።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ፣ ከሁሉም አስቸኳዩ እሱ ነው። ኡቡንቱ ውስጥ ያለው ፓይተን የእሱ አይደለም፣ የኡቡንቱ ነው። የሲስተሙ ብዙ መሣሪያዎች በፓይተን የተጻፉ ናቸው። አሮጌ ነው ብሎ ሲያጠፋው አፕት (ኡቡንቱ ፕሮግራም የሚጭንበትና የሚያነሳበት መሣሪያ) በሱ ላይ የተመሠረተውን ሁሉ አብሮ ይነቅላል። በማግስቱ ማሽኑን ሲከፍት ዴስክቶፑ የለም፣ ጥቁር ስክሪንና ስም የሚጠይቅ መስመር ብቻ። አንድ የማውቀው ተማሪ የመመረቂያ ሥራው በቀረበበት ሳምንት ይሄ ደርሶበት ሌሊቱን ሙሉ ስንጠግን አድረናል። ፋይሎቹ ተርፈውለታል፣ ያ ሳምንት ግን አልተመለሰለትም።

ደግሞስ «አሮጌ» ያለው ስንት ነው? ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው 3.10፣ 24.04 ላይ ያለው 3.12 ነው። ሁለቱም ለመማርና ለመሥራት ከበቂ በላይ ናቸው። ከሱ የሚጠበቀው ተርሚናል (የኡቡንቱ የትዕዛዝ መስኮት) ላይ ፓይተን ብሎ 3 ቁጥርን ያለ ክፍተት አስከትሎ መጻፍ ብቻ ነው። 24.04 ላይ ላይብረሪ በፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛ) ሊጭን ሲሞክር «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» የሚል ረጅም ስህተት ይመጣበታል። ብልሽት አይደለም፣ ሲስተሙ ራሱን ሲከላከል ነው። ሰዎች «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚል ትዕዛዝ ጨምርበት ብለው ይመክሩታል፣ ስሙ ራሱ ሲስተሙን ስበር እያለው ነውና አይስማቸው። ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ክፍል መክፈት ነው፣ ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት ይባላል፣ ባጭሩ ቪኢንቭ። በአፕት ፓይተን3 ሰረዝ ቪኢንቭ የሚባለውን ይጫን፣ ከዚያ ለሥራው አንድ ፎልደር ይፍጠር፣ በውስጡ ቪኢንቭ ያስነሳ፣ ላይብረሪዎቹ እዚያ ይገባሉ። ቢበላሽ ፎልደሩን መሰረዝ ነው፣ ኡቡንቱው አይነካም።

ማክ ያላችሁ አንባቢዎች፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 ከማክኦኤስ 12.3 ጀምሮ የድሮውን 2.7 አውጥቶታል። ከዋናው ገጽ የሚወርደው ፋይል ለኢንቴሉም ለኤም ቺፑም አንድ ነው። ከጫናችሁ በኋላ አፕሊኬሽንስ ውስጥ ባለው የፓይተን ፎልደር «ኢንስቶል ሰርቲፊኬትስ» የምትለዋን ፋይል ሁለት ጊዜ ተጫኗት። ካልሆነ ኮዳችሁ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲሞክር የሰርቲፊኬት ስህተት ይገጥማችኋል።

ስልክሽ ላይ መማር ይቻላል። አንድሮይድ ከሆነ ፓይድሮይድ 3 ከፕሌይ ስቶር ይወርዳል፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ማስታወቂያ አለው። ተርመክስ የሚባለውም አለ፣ ጥሩ ነው ግን ለጀማሪ አይደለም። ታክሲ ወረፋ ላይ ወይም መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይጠቅምሻል። ኤክሴል ላይ ለመሥራት ግን ጣትሽም ዓይንሽም ይደክማል። ስልኩ ለልምምድ፣ ላፕቶፑ ለሥራ ይሁን።

ለአንቺ ሥራ ሁለት ላይብረሪ ትፈልጊያለሽ፣ ለሠንጠረዥ ስሌት ፓንዳስ፣ የኤክሴል ፋይል ለማንበብና ለመጻፍ ኦፕንፓይኤክሴል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ቤት ኢንተርኔት ካለሽ ፒፕ ራሱ ከ3.8 ጋር የሚስማማውን መርጦ ያወርዳል፣ አንቺ ቁጥር መፈለግ የለብሽም። ከሌለሽ በፍላሽ ማምጣት ትችያለሽ፣ ግን አንድ ወጥመድ አለ። እንደ ፓንዳስ ያሉ ላይብረሪዎች ለአንድ የፓይተን ቁጥር የተሰፉ ናቸው። ቢሮ በ3.13 ያወረድሽው ፓንዳስ ቤት 3.8 ላይ አይገባም። ስለዚህ ከተፈቀደልሽ ቢሮም 3.8.10ን ጫኚ፣ ዊንዶውስ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አይጣሉም። ሁለቱ ማሽኖች ላይ የምትጭኚው የፓይተን ቢትም አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ፒዋይ ሰረዝ 3.8 ብለሽ ፒፕን «ዳውንሎድ» በሚለው ቃል እዘዢው፣ «ኢንስቶል» አትበዪው። ፍላሽሽ ላይ ባለ ፎልደር ያስቀምጥልሻል፣ የሚያስፈልጓቸውን ተጨማሪዎች ጨምሮ ወደ 30 ሜጋባይት ገደማ። ቤት ስትደርሺ «ኖ ኢንዴክስ» የሚለውንና «ፋይንድ ሊንክስ» የሚለውን ከፎልደሩ ስም ጋር ጨምረሽ ታስጭኛለሽ። የመጀመሪያው ኢንተርኔት አትፈልግ ማለት ነው፣ ሁለተኛው እዚህ ፈልግ።

የመጨረሻው ነገር አማርኛ ነው፣ በእርግጠኝነት ይገጥምሻልና። ፓይተን 3 ግዕዝ ፊደልን ያለምንም ጣጣ ይቀበላል፣ የተለዋዋጭ ስም «ደመወዝ» ብለሽ በአማርኛ ብትጽፊ እንኳ ይሠራል። ጥቁሩ መስኮት ላይ ባዶ አራት ማዕዘኖች ካየሽ የመስኮቱ ፎንት ነው፣ ያው ኮድ አይድል ላይ በትክክል ይታያል። እውነተኛው ችግር ፋይል ላይ ነው። የሠራተኞች ስም በአማርኛ ያለበትን ዝርዝር ወደ ፋይል ስትጽፊ ዊንዶውስ ላይ «ቻርማፕ» የሚል ቃል ያለበት ስህተት ይመጣል። ዊንዶውስ የራሱን አሮጌ የፊደል አቀማመጥ ስለሚሰጠው ነው፤ ይህ የሚስተካከለው ከ3.15 ጀምሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ፋይል በከፈትሽ ቁጥር ኦፕን በሚለው ቅንፍ ውስጥ ኢንኮዲንግ ብለሽ ዩቲኤፍ ሰረዝ 8 ስጪው። ፋይሉ ሲኤስቪ ሆኖ ኤክሴል ላይ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ዩቲኤፍ ሰረዝ 8 ሰረዝ ሲግ አድርጊው። ያቺን «ሲግ» ካልጨመርሽ ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኤክሴል ላይ ስሞቹ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ከጨመርሻት ግን «ወይዘሮ» ብለሽ የጻፍሽው «ወይዘሮ» ሆኖ ይከፈታል።